ያልተለካው እግር

እናቴ ነርስነት ልትማር መግባቷን መጨረሻ ላይ የሰማው አባቴ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ዳቦ ቤቱ ሰምቷል፣ ፀጉር ቤቱ ሰምቷል፣ ከእኛ ጋር ሰላምታ እንኳ የሌላት የማዶዋ ጎረቤት ሰምታለች። አባዬ ግን ጫማ መስፊያው በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ ሲያልፍ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን፤ በምኑ?» ሲል ነው የዋለው። እማዬ ደግሞ ልማዷ ነው። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ ስሟ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በጣቷ ካልነካችው አታወራም። ነክታው ወደ ቤት እስክትመለስ ወሬው ቀድሟት ገባ።

እማዬ አርባን ከተሻገረች ቆይታለች። ከእኔ ከመጀመሪያ ልጇ ጋር ሦስት ወልዳለች፤ ያሳደገችው ግን ስንት እንደሆነ እሷም አታውቀውም። ሙአለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ሆና የሰው ልጅ ስታቅፍ፣ ስታወርድ፣ አፍንጫ ስትጠርግ፣ ሱሪ ስትቀይር ነው የኖረችው። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ የምትጠራው እሷ ናት፤ ሲያስመልሰውም እሷ ናት፤ አስተማሪዋ ራሷ ሲዞርባትም እሷ ናት። ማታ ማታ ተምራ ያቋረጠችውን ትምህርት ጨርሳ ፈተናውን ስታልፍ ተገርሜ አላባራ አልኩ። «ምን ይገርምሻል?» አለችኝ። «ሥራውንማ ስሠራው ኖሬያለሁ። የቀረኝ ጋውኑ ነው።» ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም። ዝም አይነቅዝም ባይ ናት። የሷን ድርሻ የማወራላት እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ የማትፈልገውንም ጭምር።

አባዬን ሰፈሩ «መሐንዲሱ» ነው የሚለው። ጫማ ሊያስጠግን የሄደ ሰው ስለ ሰው ልጅ እግር አሠራር ንግግር ሳይሰማ አይመለስም። አካሄድህን አይቶ «ግራ ወገብህን ያምሃል» ይልሃል። አያመኝም ካልከው «ገና ያምሃል» ይልና መዶሻውን ያነሳል። አዲስ ጫማ መስፋት ከተወ ግን ዓመታት ሆኖታል። ሰው ከሱቅ ይገዛና ሲቀደድበት ወደሱ ያመጣዋል። «የሰው ጥፋት ማረሚያ ሆኜ ቀረሁ» ይላል አንዳንዴ፣ የሱቅ ጫማ በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ።

ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሲል አዲሶቹን ተማሪዎች ሰብስበው ማሟላት ያለባቸውን ዕቃ ነገሯቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ እማዬ አፍራ የማትጠይቀውን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋላ! የምትናገረው አስተማሪ «ሲስተር በሉኝ» አለችን፤ አልናት። ቀጭን ናት፤ ድምጿን ሳታነሳ አዳራሽ ጸጥ የምታሰኝ ሴት። ነጭ ጋውን፣ የልብ ማዳመጫ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ነጭ ሽፍን ጫማ አለች። ከዚያ «ጫማውን አደራ» አለች። «በመጀመሪያው ቀን በር ላይ አስቆማችኋለሁ፤ አራምዳችኋለሁ። የሚያነክስ ካለ፣ ጫማውን የሚያወልቅ ካለ ይመለሳል፤ ቦታውን ለተጠባባቂ እሰጣለሁ። በእግሩ ያልቆመ ሰው በሽተኛ አያቆምም።»

ተጠባባቂዎቹ ከኋላ ቆመው ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁሉም እግራችንን ነበር የሚያዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ጋውኑን የሰፋችው አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊ ናት። ልጆች ሆነን ልብስ ስትሰፋልን «ታድጉበታላችሁ» እያለች ሁሌ አስፍታ ነበር የምትሰፋው። ልማድ ክፉ ነው፤ የእማዬንም ጋውን እንደዚያው ሰፋችው። እማዬ ስትለብሰው እጇ ጠፋ።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ታድግበታለች» አለች አክስቴ። ከዚያ የተናገረችውን ሰማችና ሁለታችንም በሳቅ ወለል ላይ ተዘረርን። እማዬ በጋውኑ ውስጥ ሆና «ሳቃችሁን ጨርሱና አጥብቡልኝ» አለች።

የደም ግፊት መለኪያው የመጣ ዕለት ደግሞ ጎረቤት ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ደጃችን ተሰለፈ። ያቺ ሰላምታ የሌላት የማዶዋ ጎረቤት እንኳ «ለአንድ አፍታ ነው» ብላ ገባችና የባሏን ዓመል ከላይ እስከ ታች ዘርዝራ ወጣች። የአባዬ ግፊት ደህና ነበር። እኔ ሆን ብዬ «የሱቅ ጫማ» ስል ግን መርፌው ሽቅብ ዘለለ። ማዳመጫውን ደግሞ ቀምቶ ጆሮው ውስጥ ሰካና ጫፉን የቆዳ ቁራጭ ላይ አሳረፈ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ ሰው?» አለች እማዬ።

«ዝም በይ። እየሰማሁት ነው። ጥሩ ቆዳ ይተነፍሳል።»

ነገሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እማዬ ቀስ ብላ፣ «ጫማውንስ ከሱቅ ባየው ይሻላል መሰለኝ፤ አንተ ሥራ ይበዛብሃል» አለች። አባዬ ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ አወጣ።

«የኔ ሚስት የሱቅ ጫማ? እኔ በቁሜ? ሰው ምን ይላል? ጫማ ሰፊው ሞቷል ነው የሚለው!»

«እሺ፣ እንግዲያው ለካት» አልኩት።

«ማንን?»

«እማዬን ነዋ!»

«አንቺ ልጅ፣ ታመሻል? የናትሽን እግር ነው የምለካው? አብሬው የኖርኩትን እግር? ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ!»

ዓይኑን ጨፍኖም ሠራው። ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ አቧራ የለበሰ የእንጨት ቅርጽ አወረደ። ሲጋቡ ለእማዬ የመጀመሪያውን ጫማ የሰፋው በሱ ላይ ነው፤ እንጨቱን በእግሯ ልክ ራሱ ነው የጠረበው። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የልጅ እግር ነው የሚመስለው» ስለው «እናትሽ እግረ ቀጭን ናት» አለኝ በኩራት። እማዬ እቤትም ነጠላ ጫማ፣ ሥራም ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። ነጠላ ጫማ ደግሞ ለማንም ይሆናል። መሐንዲሱ የመንገደኛውን ሁሉ እግር ሲመረምር የራሱን ቤት እግር ካየ ስንት ዘመኑ!

«ንገሪው እንጂ!» አልኳት እማዬን ጓዳ ወስጄ።

«ተይው። አትሰሚውም?»

ሰማሁት። መዶሻውን እየመታ ያፏጫል። አባዬ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላኝና እኔም አፌን ያዝኩ። እማዬ ግን ሞኝ አይደለችም። በማግስቱ ሰፋ ያለ፣ ቀላል፣ ነጭ የሱቅ ጫማ ገዝታ አክስቴ ቤት ደበቀችው። ከቤት በሱ ጫማ ትወጣለች፤ መንገድ ላይ ቀይራ ትገባለች። ይኸው ነበር መላው።

ጫማው አለቀ። እውነት እውነት ነው፤ ውብ ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ስፌቱ ከዓይን የሚሰወር። እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጦ ራሱ አጠለቀላት፤ ገፋ፣ ገፋ፣ አንድ ጊዜ በደንብ ገፋ፤ ገባ። የእማዬ ዓይን እንባ ሞላ።

«አየሽ፣ ደስታ ሲበዛ እንዲህ ነው» አለኝና ሮጦ መሐረብ አመጣላት።

«እስቲ ተራመጂ።» ፍም ላይ እንደቆመ ሰው ተራመደች።

«እንዴት ነው?»

«ቆንጆ ነው።»

«ጠበበሽ እንዴ?»

«ኧረ!»

«ቢጠብም ቆዳ ነው፤ ይለምድሻል» አለ። ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «በመክፈቻው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የማደርስሽ እኔ ነኝ። ስትገቢ ማየት አለብኝ» አለ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። መንገድ ላይ መቀየር የሚባለው ነገር እዚያው ሞተ።

የቀረን ጫማውን ማስፋት ነው። እርጥብ ጋዜጣ ጠቀጠቅንበት፤ ጋዜጣው ደረቀ፣ ጫማው እንደ ሠሪው ግትር ሆነ። በመጨረሻ ዓይናችን አክስቴ ላይ ወደቀ፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ትልቅ እግር ያላት እሷ ናትና።

«እኔ አላደርገውም» አለች። «ወንድም ጋሼ ቢያየኝ ይገድለኛል።»

«ሥራ ላይ ነው፤ አይመጣም» አልናት። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት አንድ ቀን ነው የቀረው። ወፍራም ካልሲ አጥልቀንላት፣ እኔ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ ሆነን እግሯን አስገባን። አክስቴ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ በየእርምጃው የወንድሟን ስም እየጠራች፣ የማይጻፍ ስድብ እያወረደችበት ክፍሉን ትዞር ጀመር። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ የአባዬ ሳል ደጅ ላይ ተሰማ። ለካስ ጫማውን ነጭ ቀለም ሊቀባው አስቦ ሥራውን ዘግቶ መጥቷል!

አክስቴ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። እኔ የተረፈውን የጋውን ጨርቅ አንስቼ ጉልበቷ ላይ ጣልኩና እስከ ወለል ዘረጋሁት።

አባዬ ገባ። አክስቴ አልተነሳችም። ታላቅ ወንድሟ ሲገባ ሳትነሳ የቀረችበት ቀን አይታወቅም።

«ምነው እህቴ? ተጣላን እንዴ?»

«አሞኛል፣ ወንድም ጋሼ» አለች አክስቴ። ላብ በላብ ሆናለች፤ ሕመሙስ ውሸት አልነበረም።

«ምንሽን?»

«ከ… ከታች ጀምሮ።»

አባዬ ደነገጠ። ወዲያው ግን ፊቱ በራ። «ነርስ ቤት ውስጥ እያለችልን ምን ያስጨንቀናል! አንቺ፣ መለኪያውን አምጪ!»

እማዬ መለኪያውን አመጣች። የአክስቴን ክንድ ጠቅልላ ነፋች። ምን እንደሰማች እግዜር ይወቅ፤ ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትገናኝ ብቻ ነው የምትጥረው። የሆነ ነገር ማለት ነበረባትና «ትንሽ ዝቅ ብሏል» አለች። ምነው ከፍ ብሏል ባለች!

«ዝቅ ካለማ እግር ወደ ላይ ይነሳል!» አለ አባዬ። «አንቺው አይደለሽ ጮክ ብለሽ ስታነቢ የሰማሁሽ?»

«አይሆንም!» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ። ማን ይሰማል? ጎንበስ ብሎ የእህቱን ሁለት እግር ከነጨርቁ አፈፍ አድርጎ አነሳ። ጨርቁ ተንሸራተተ። ነጩ ጫማ በአባዬ አፍንጫ ትክክል ብቅ አለ።

አባዬ እግሯን እንደያዘ ጫማውን ያያል። ሶሉን አየ፣ ስፌቱን አየ፤ የራሱ ሥራ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ተሻለኝ» አለች አክስቴ።

ሊያወልቀው ሳበ፤ አልወጣም። እኔም አገዝኩት። ጫማው ከመውጣቱ በፊት አክስቴ ከነወንበሩ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። አባዬ ጫማውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ እማዬ ዞረ።

«ለሷ ነው የሠራሁት?»

«ጠበበኝ» አለች እማዬ።

«አይጠብሽም። በልክሽ ነው የሠራሁት።»

«በማን ልክ?»

«ባንቺ ነዋ!»

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ጫማውን ከእጁ ተቀብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና እግሯን ከጎኑ አሳረፈች። እግሯ ሰፍቷል፤ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ተጣሟል፤ ከጎኑ አጥንቱ አብጦ ወጥቷል፤ ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። አባዬ ቁልቁል አየ። እንዲያ ኩም ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ይሄ… መቼ ሆነ?»

«ስቆም» አለች እማዬ። «ያን እንጨት የጠረብክላት ልጅ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ነበረች። እኔንም ትናፍቀኛለች። ነገ በር ላይ የምትቆመው ግን እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ካነከስኩ ይመልሱኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ አየሁህ። ደግሞ ፈራሁ። ተማርኩ ብላ ጫማዬን ናቀች እንዳትለኝ።»

አባዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እንዳትንቂኝ ብዬ አይደል የሠራሁት» አለ። «ከዚያ ግቢ ስትወጪ ከሐኪም ጋር የምትውይ ሰው ትሆኛለሽ። ቢያንስ እግርሽ ላይ ልኑር ብዬ ነው።»

እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ ትከሻውን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

«ሆዴን አታባቡኝ እንግዲህ!» አለች አክስቴ ከወለሉ እየተነሳች። «ነገስ ምን ልታደርግ ነው?» ብላ ለክፉ ቀን ይዛው የመጣችውን የሱቁን ጫማ ከቦርሳዋ አወጣች። የአባዬ ፊት የሆነውን ልናገረው አልችልም። በሁለት ጣቱ ተቀበላት። «ይሄ ስፌት ነው? ይሄ ማስቲሽ ነው? ይሄን የሠራ ሰው እናት አለችው?» አለ። ግን አልጣለውም። ነጩን ጫማ፣ ያን ውብ ሥራውን፣ በቢላ ቀደደው። ለስላሳውን ቆዳ አወጣና የሱቁ ጫማ ውስጥ ያነጥፈው ጀመር፤ አጥንቷ ባበጠበት በኩል ቦታ እየለቀቀ፣ ተረከዟ ሥር እየደራረበ። ያን ምሽት አላፏጨም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ሄድን። ተማሪዎቹ በሩ ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ቤተሰብ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ተጠባባቂዎቹ ደግሞ መሃል ቦታ ይዘው ያደፍጣሉ። ሲስተር እያንዳንዱን ታስቆማለች፣ ታራምዳለች። ከእማዬ ፊት የነበረች አንዲት ልጅ በአዲስ ጫማዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ አነከሰችና እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተሸኘች። የእማዬ ተራ ደረሰ። ቆመች። ሄደች፣ ተመለሰች። አባዬ የአጥሩን ብረት ይዞ በየእርምጃዋ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ጥሩ አረማመድ ነው» አለች ሲስተር። «ጫማውን ከየት ገዙት?»

እማዬ፣ ከቤት ውጭ ዋሽታ የማታውቀዋ እናቴ፣ ቀና ብላ «ባለቤቴ ነው የሠራልኝ» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን አለበት? አይልም!

«ውሸቷን ነው ሲስተር!» ብሎ አባዬ ከአጥሩ ጮኸ። «ያ ጠማማ ስፌት የኔ አይደለም! እኔ ውስጡን ብቻ ነው የሠራሁት!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተጠባባቂዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ሲስተር ቀስ ብላ ወደ አጥሩ መጣች።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ባሏ ነኝ። ጫማ ሰፊ።»

«ስለዚህ ሚስትዎ ዋሽታኛለች ነው የሚሉኝ?»

አባዬ ያኔ ነው ያደረገው የገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬን አየ፣ ተጠባባቂዎቹን አየ።

«አልዋሸችም» አለ። «አከበረችኝ ነው እንጂ።»

ሲስተር ትንሽ አየችውና ወደ እማዬ ተመለሰች። «ውስጡን ያሳዩኝ።»

እማዬ አንዱን ጫማ አወጣች። «አወለቀች!» ብሎ ከተጠባባቂዎቹ አንዱ ጮኸ። ሲስተር ዞር ብላ ብታየው ዝም አለ። እጇን ጫማው ውስጥ አስገብታ ዳበሰች፤ ተረከዙ ጋ ስትደርስ እጇ ቆየ።

«ይግቡ» አለች እማዬን። ከዚያ አጥሩ ጋ ተመለሰችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔንም ተረከዜን ያመኛል። ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው» አለችው።

«ቁጥር አልቀበልም» አለ አባቴ፣ ያለ አንዳች እፍረት። «ሳልለካ አልሠራም።»

እኔ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ልቀበላት ስመለስ አባዬን እዚያው አጥሩ ሥር አገኘሁት፤ ከዘበኛው ወረቀትና እርሳስ ተቀብሎ ተቀምጧል። እማዬ ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ ደክሟት፣ እየሳቀች ወጣች። አባዬ እጇን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጣት፤ ፊቷ ተንበርክኮ ጫማዋን ፈታ፤ እግሯን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ተማሪዎቹ እየወጡ ነው።

«አንተ፣ ሰው ያየናል እኮ!»

«ይየን። እዚህ ጋ ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለተኛዋን ካረገዝኩ ጀምሮ።»

«እዚህስ?»

«እሱ እንኳ የቅርብ ነው።»

አባዬ እርሳሱን በእግሯ ዙሪያ ቀስ እያደረገ ይስላል፤ ትነግረዋለች፤ ይሰማታል። የምንሄድበት አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ጠራኋቸው፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም።